አባባ የጮኹበት ፊልም

ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ ደግፌ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክልን? ወገብህስ ዕቃ ስታነሳ አሁንም ይይዝሃል ወይ? የጆሃንስበርግ ብርድ ገብቷል ብለህ ነበር፤ ሩሃማና ትንሹ ኤልናታን እንዴት ቻሉት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው። በስልክ ግማሹን መስመሩ ስለሚበላው የአባባን ነገር ከነወጉ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

እንደምታውቀው አባባ የዓይናቸውን ሞራ አላስገፍፍም ካሉ ሁለት ዓመት ሞላቸው። አንተ ለምነሃል፣ እማዬ አልቅሳለች፤ መልሳቸው «አያለሁ እኮ፣ ምን ጎደለኝ?» ነው። ከቤት መውጣትም ትተው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሽኩር የሚባል ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጎረቤታችን በኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ ፕሮጀክተር አምጥቶ ፊልም ማሳየት ጀመረ። የመጀመሪያው እሁድ የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ አንጠልጣይ ፊልም ነበር፤ ብቻዋን የምትኖር ሴትን ስለሚያሳድድ ገዳይ። እማዬ ስትሰማ «ይሄማ ሳንጋባ ፒያሳ ያየነው ነው!» ብላ አባባን እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው።

ፊልሙ ውስጥ የሴትየዋ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ጫማዋ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ በሩ ሲሄድ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አባባ ድንገት «አትክፈቺ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሙሉ ከወንበሩ ዘለለ፤ ልጄ ፀሎት ፈንዲሻዋን በሽኩር ራስ ላይ በተነችው። ከዚያ ሳቁን አትጠይቀኝ! ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ያገኛቸው ወጣት ሁሉ «አትክፈቺ!» እያለ ነበር ሰላም የሚላቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ያው ታሪክ በቅርቡ እንደገና የተሠራው ታየ። ወጣቶቹ ወደዱት፤ ትልልቆቹ «ደሙ በዛ» አሉ። አባባም «ሙዚቃው ቀድሞ እየነገረኝ ምኑን ልፍራ?» እያሉ ያስቁናል። መጨረሻው ግን ተቀይሯል፤ ንግግርም ሙዚቃም የለው። ድንገት ሰው ሁሉ ጮኸ። አባባ ብቻ «ምን ሆነ? ማን ገባ?» ይላሉ። ዞር ስል ፊታቸው ወደ ሸራው ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ግድግዳ ነው። ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ትንሽ ትንሽ ያያሉ ስንል ጭራሽ አያዩም ኖሯል፤ የድሮውንም ፊልም የተከተሉት በትዝታቸው ነበር።

ደረጃውን ስንወጣ ክንዴን ጠበቅ አድርገው «እፀ፣ ሐኪሙ ጋ መቼ ነው የሚኬደው?» አሉኝ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ አላዩኝም።

ግንቦት አሥር ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ እማዬን ትክ ብለው አይተው «አረጀሽ እኮ!» አሏት። እሷም «አንተ እንደሆንክ ገና ጎረምሳ ነህ!» ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ሳምንት ሳይሞላቸው ሽኩርን አስጠርተው የአዲሱን ፊልም መጨረሻ አሳየኝ አሉት። እኛ ፊልሙን ትተን እሳቸውን ስናይ፣ እስኪያልቅ ጠብቀው «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የጮኻችሁት?» አይሉም! የግራ ዓይናቸው ቀጠሮ ሐምሌ ነው፤ ቀኑን ራሳቸው አስቆረጡ።

ሩሃማን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ኤልናታንን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ በጸሎቷ አልረሳችህም፤ ፀሎትም ሽኩርም ሰላም ብለውሃል። አባባ ደግሞ «ጢም አሳድጓል ይባላል፤ ፎቶውን ይላክና በዓይኔ ልየው» ብለውሃል።

እህትህ እፀገነት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.