እባክዎ ለአራተኛ ጊዜ ቫርኒሽ አይቀቡልን

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ በተለይም የጉልበትዎን፣ የወገብዎንና የቁርጭምጭሚትዎን። እነዚህ ሦስቱ ደህና ካልሆኑ እኛ ወደምንኖርበት ቤት መውጣት እንደማይቻል ከማንም በላይ የጽሕፈት ቤትዎ ተላላኪ ያውቃል። ቤተሰብዎም፣ ከወንበርዎ እስከ በሩ የተዘረጋው ምንጣፍዎም ሰላም ይሁኑ።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ሳይሆን በጋዜጣ ስልክልዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ምክንያቱ ፍርሃት ነው። መዝገብ ቤትዎ የደረሰ ወረቀት ሁሉ አቤቱታ ይባላል፤ ስለ ደረጃችን የቀረበ አቤቱታ ሁሉ ደግሞ መልሱ ቫርኒሽ ነው። አንዴ ሳንጠይቅ፣ ሁለቴ አመልክቼ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ተቀብቶልናል። ስለዚህ ይህ አቤቱታ እንዳልሆነ፣ ብሩሽ የያዘ ሰው መላክም እንደማያስፈልገው ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ምስጋና ነው ብለው ይያዙልኝ።

እኔ ዕድሜዬን በጭነት መኪና ሾፌርነት የጨረስኩ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በየኬላው ተራዬን ስጠብቅ፣ በጫንኩት ዕቃ ላይ የተጻፈውን እየገጣጠምኩ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈኝ አንድ አመል ነው፤ ጽሑፍ ያለበትን ነገር ሳላነብ አላልፍም። ይህ አመሌ አንድ ቀን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ያቃቅረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከባለቤቴ ጋር የምኖረው በላይኛው ፎቅ ነው። መውጫና መውረጃችን ከግቢው እስከ በረንዳችን የሚደርስ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ዝናቡም ፀሐዩም የሚያርፍበት የእንጨት ደረጃ ብቻ ነው። ከታች የባለቤቴ ታላቅ እህት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ግቢው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ይህን የምነግርዎ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ያን ደረጃ ለብዙ ዓመታት ዝናቡ ካበቃ፣ እንጨቱም በደንብ ከደረቀ በኋላ እኛው ተከራዮቹ የተልባ ዘይት እናጠጣው ነበር። ቀጠን አድርገን እንቀባለን፣ እስኪጠጣ እንጠብቃለን፣ ያልጠጣውን በጨርቅ እንጠርጋለን፤ ጨርቁንም እንዳይግል ዘርግተን እናደርቃለን። የመኪናዬን የጭነት ሳንቃዎችም የጠበቅኳቸው በዚህ ዘዴ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ግቢያችንን የሚጎበኙ እንግዶች ሊመጡ ነው ብሎ፣ ሌሊቱን ሲዘንብበት ባደረ እንጨት ላይ ከቀትር በፊት ቫርኒሽ ቀብቶ ጨረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ ግን የፈሰሰውንም አልለቀሙት፣ ቀቡበት እንጂ። ሰው እርጥብ ልብሱን ሳያወልቅ ካፖርት ቢደርቡለት አይሞቀውም፣ ይታመማል። እንጨትም እንደዚያው ነው። ውሃው ከውስጥ ታሽጎ ቀረ። እንግዶቹ ግን ደረጃውን ከግቢው ሆነው አይተው፣ አድንቀው ሄዱ። ደግነቱ አልወጡበትም።

ሁለተኛ፦ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ ሲሄዱ ባዶውን ጣሳ ከደረጃው ሥር ጥለውልን ነበርና አነበብኩት። «ለቤት ውስጥ ዕቃ ብቻ» ይላል፤ ለአልጋ፣ ለጠረጴዛና ለቁም ሳጥን መሆኑም በሥዕል ጭምር ተመልክቷል። ጣሳውን ይዤ ወደ ጥገና ክፍል ኃላፊዎ ሄድኩ። እሳቸውም በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝና «አባባ፣ ጣሳ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይነበብ ከተባለ ሥራው መቼ ይሠራል?» አሉኝ። ጣሳዬን አቅፌ ተመለስኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ ትጋትዎ። ፀሐዩ ሲጠነክር ቫርኒሹ እንደ ተቃጠለ ቆዳ አብጦ መላጥ ጀመረ፤ አመለከትኩ። ያበጠው ሳይፋቅ፣ ብርጭቆ ወረቀትም ሳይነካው፣ በላዩ ላይ ሌላ ቫርኒሽ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ያንሸራትት ጀመር፤ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት ድመት እንኳ አስባ ነው የምትረግጠው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። በድጋሚ አመለከትኩ፤ ሦስተኛው ቫርኒሽ መጣ። አሁን ደረጃችን እንደ መስተዋት ነው፤ የሚወርድ ሰው የራሱን ፊት እያየ ይወድቃል። ተላላኪዎ ደብዳቤ ሊያደርስልኝ ሲወጣ ከመካከሉ ተንሸራቶ ግቢው ድረስ ተቀምጦ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የጽሕፈት ቤትዎን ማስጠንቀቂያ ግቢው መካከል ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ እኔም በረንዳ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ይፈርሙልኝ ሲለኝ ና ውጣና ልፈርምልህ እለዋለሁ፤ «ይቅርብኝ አባባ፣ ሰምተዋል ብዬ እነግራቸዋለሁ» ይለኛል። ልጁን አልወቅሰውም። ስለ ደረጃው በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ትክክለኛ ግንዛቤ ያለው እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ የሚለውን ቁጥር ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ለአራተኛ ቅብ ምክንያት እንዳይሆን።

አምስተኛ፦ ስለ ማስታወቂያዎ። ጎረቤታችን አናጺው፣ ሰፈሩ ሚስማር የሚለው፣ ቫርኒሹን ፍቀን ደረጃውን እንደ ድሮው እንመልሰው አለኝ። በዘይቱ ተስማማን፤ በቀለሙ ተጣላን። እኔ የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ቀለም የሌለው ይሁን አልኩ፤ እሱ ደግሞ «ጋሼ፣ ፀሐይን የሚመክተው ቀለሙ ነው፤ ጠቆር ያለ ቡናማ እንቀላቅልበት» አለ። ሁለት ቁራጭ ጣውላ በሁለቱም ዓይነት ቀብተን በረንዳው ላይ ሰቀልናቸው። የእኔው በአንድ በጋ ገርጥቶ ተሰነጣጠቀ፤ የእሱ እንደነበረ ነው። ባይዋጥልኝም ዋጥኩት። እንግዲህ ተስማምተን ስናበቃ ነው ማስታወቂያዎ የተሰቀለው፦ «ደረጃውን የሚነካ ማንኛውም ተከራይ የኪራይ ውሉ ይቋረጣል»። በቀን ስንቴ በእግራችን እንደምንነካው አስቤ ብዙ ተጨነቅኩ። በመጨረሻ ክልከላው እጅን ብቻ የሚመለከት ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ስድስተኛውን ያለ ቀልድ እነግርዎታለሁ።

ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ በደረጃው ቀስ ብላ ትወርድና በእህቷ በር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ሁለቱ በልጅነታቸው ስለተቀደደ አንድ ቀሚስ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ማን እንደቀደደው አልታወቀም። ከሁለተኛው ቫርኒሽ በኋላ ባለቤቴ መውረድ አቆመች። ክርክሩ ግን አልቆመም፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች ሆነው ይጮኻሉ። እትዬ ጆሯቸው ስለደከመ ግቢው በሙሉ ነገሩን አውቆ ለሁለት ተከፍሏል። ሚስማር በእትዬ ወገን ነው።

አሁን እትዬ ታመው ተኝተዋል። መስኮታቸው ወደ ጓሮ ስለሆነ ድምፅ አይደርሳቸውም። ባለቤቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ «እትዬ» ትላለች፤ ልጃቸው ወጥታ «ሰላም ብላሻለች፣ አክስቴ» ትላታለች። አንድ ቀን «ምን አለችኝ?» ብላ አጥብቃ ጠየቀቻት፤ ልጅቱ ፊቷን አዙራ ገባች። ሐኪሙ መጥቶ ሲወጣ ለልጅቱ የነገራትን ሰምቻለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ከፊቴ ግን አንብባዋለች። ማንበብ ከእኔ ቀድማ ነው የለመደችው።

በማግሥቱ ከወገቧ ይዤ፣ እየተቀመጠች እንድትወርድ ሞከርን። ከላይ ሦስተኛው እርከን ላይ ስንደርስ ጣውላው ከቫርኒሹ ሥር ጮኸና ሰጠመ፤ እግሯ ገባበት። ጎትቼ አወጣኋት፣ ወደ ላይም መለስኳት። በእርከኑ ላይ ካቻቢቴ ብሰካበት እስከ እጀታው ድረስ እንደ ቅቤ ገባ። ላዩ ግን አሁንም ያብረቀርቃል። የግቢው ጎረምሶች በወንበር ተሸክመን እናውርዳት አሉ፤ ሚስማር በመዶሻው ቀጥሎ ያሉትን እርከኖች መታ መታ አድርጎ «እነዚህ ተሸካሚን ከነወንበሩ አይችሉም» ብሎ ከለከላቸው።

ያን ዕለት ለባለቤቴ ማስታወቂያዎን አስታወስኳት። ደረጃውን ከነካን ከቤት ያስወጡናል፣ በዚህ ዕድሜያችን መሄጃ የለንም አልኳት። ሹራቧን አስቀምጣ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሲያስወጡንስ በየት በኩል ልንወርድ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «ቤቱን ይውሰዱት። እትዬን ሳላያት ብትሄድ ግን እኔና አንተም አንተያይም» አለች። ይህች ሴት አብራኝ በኖረችበት ዘመን ሁሉ አስፈራርታኝ አታውቅም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ያከራዩንን ደረጃ እነካለሁ። ፈቃድ እየጠየቅኩ አይደለም፤ ሳይሰሙ ቀሩ እንዳይባል ነው። የበሰበሱትን እርከኖች ነቅለን ሚስማር ባዘጋጃቸው ደረቅ ጣውላዎች እንተካለን። የተቆረጡትን ጫፎች፣ ውሃ የሚጠጣው እንጨት በዚያ በኩል ነውና፣ ከመግጠማችን በፊት ዘይት እናጠግባቸዋለን። ከዚያ ባለቤቴ ትወርዳለች። እሷ ከወረደች በኋላ የተረፈውን ቫርኒሽ እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቀን፣ መድረቁንም አረጋግጠን፣ ሰው መውጫ እንዳያጣ አንዱን እርከን እየዘለልን በቡናማው ዘይት እንቀባለን። አያብረቀርቅም። እንግዳ ቢመጣብዎ የሚያሳዩት ነገር ስለማይኖርዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ሚስማርም ጎረምሶቹም የእኔን ትእዛዝ የፈጸሙ ናቸውና የሚቋረጠው ውል የእኔ ብቻ ይሁን።

ስለ ሦስቱ ቫርኒሾች፣ ስለ ማስታወቂያውና ስለ ተላላኪዎ ጥሩ ድምፅ ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽኩ፣ የሚረግጡት ሁሉ እንዲጸናልዎ፣ የሚደገፉትም እንዳይከዳዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እስከ ቅዳሜ ድረስ ከላይኛው ፎቅ የማይወርዱት ተከራዮችዎ፣
ሽማግሌው ሾፌርና ባለቤቱ

ማሳሰቢያ፦ ውላችን መቋረጡን ሊያሳውቁን ሲልኩ፣ ከቅዳሜ በኋላ ከሆነ ተላላኪዎ ያለ ሥጋት ወጥቶ በራችንን ማንኳኳት ይችላል፤ ከፈለጉም እርስዎ ራስዎ ይምጡ፣ አያንሸራትትም። የሚከፍት ሰው ግን አይኖርም፤ ሁላችንም ታች ነን። ታች ሲመጣ ደብዳቤውን እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ እንዳያነበው አደራ ይበሉልኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት እህቶች የቀሚሱን ነገር ለመጨረስ ጊዜ አጥሯቸዋል።