በእትዬ ስንዱ ዋንዛ ላይ ያለችው ግንደ ቆርቁር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ነው እንጂ፣ ዛሬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ስንዱ ሸሽቻለሁ።

እንደ ሌላው ጠዋት አጥሩ ሥር ቆሜ በግቢያቸው ያለውን ዋንዛ እያየሁ ነበር። ግንደ ቆርቁሯ ግንዱን መብሳት ከጀመረች ወር ሊሆናት ነው። ዛሬ ትል ይዛ ወደ ጉድጓዱ ገባች። ጫጩት ሳትፈለፍል አልቀረችም። ደስ ብሎኝ ይህንኑ ደብተሬ ላይ ስጽፍ እትዬ ስንዱ ከጓሮ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ! በየማለዳው ግቢዬን የምትሰልይው ምን ጠፍቶሽ ነው? እንዲህ ከምትንጠራሪ ግቢና ድስቴንም ከፍተሽ እዪ!»

ወፍ ነው የማየው ማለት አቃተኝ። ደብተሬን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ሮጥኩ። መደበቄ ደግሞ ይባስ ሌባ አስመሰለኝ።

ማታ እናቴ፣ «እትዬ ስንዱ ከቡሬ ቆርቆሮ አስመጥተው ነገ አጥሩን ከፍ ሊያስደርጉት ነው፤ ምን አደረግሻቸው?» አለችኝ።

አጥሩ ከፍ ካለ ጫጩቶቹ ወጥተው ሲበሩ አላይም።

ነገ ሠራተኞቹ ሳይመጡ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። በአጥሩ በኩል ሳይሆን በራቸውን አንኳኩቼ። መናገር ካቃተኝ እጃቸውን ይዤ ዋንዛው ሥር አቆማቸዋለሁ።