ከከተማው ቦይ የሚመጣው ውኃ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የእናታችን ዓይንስ እንዴት ነው? ልጆቹ መተኛት ጀመሩ ወይስ አሁንም ቤቱን ሲያተራምሱ ያመሻሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ አለቃዬ ግን ከዓይንህ በቀር ደህና ነህ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ እርባታው ውስጥ ሥራዬ፣ እንደምታውቂው፣ ዓሣ ገልብጦ ሆዱ ሥር እያዩ ወንድና ሴት መለየት ነው። አምና ወንዙ ሲጎድል ገንዳዎቹን ከከተማው ፍሳሽ ቦይ ሞላናቸው። በዚያ ውኃ ካደጉት መካከል ሴት ብዬ የለየኋቸው እንቁላል አልጥል አሉ። አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «አንተ ለካ ሳታገባ የቀረኸው ወንድና ሴት መለየት አቅቶህ ነው» አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበር እኔም ሳቅሁ።

የዓሣ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ሴት ያልኳቸውን ሆዳቸውን ሰንጥቃ አሳየችኝ፤ ወንዶች ናቸው፤ የዘር እጢያቸው ውስጥ ግን የእንቁላል ፍሬ ተሰግስጓል። ከየቤቱ የሚፈሰው የወሊድ መከላከያ ክኒን ቅሪትና የሳሙና ኬሚካል የሴት ሆርሞን እየመሰለ ሰውነታቸውን ያታልለዋል አለች። አይሞቱም፣ አይከሱም፤ አምሮባቸው ይዋኛሉ፤ ዘር ግን አይተኩም። አለቃዬ ይቅርታ ለመጠየቅ አመቺ ቀን እየጠበቀ ነው።

እታለም፣ ይህን ስሰማ ያሰብኩት የእናንተን የዓሣ ኩሬ ነው። ባለቤትሽ ምንጩ ስለነጠፈ የከተማውን ቦይ ሊለቅበት መሆኑን ነግረሽኝ ነበር። ወዲያው ደወልኩለት። «ቦዩ ውስጥ ያሉት ዓሦች ከኛዎቹ ይሰባሉ፤ የታመመ ነገር ይሰባል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ በዚህ ሳምንት እንደሚከፍተውም ነገረኝ። ስልኩን እንዲያቀብልሽ ብለምነው ሥራ ላይ ናት አለና ዘጋው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ወደዚያ ለሚነሣ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ በየመንገዱ እንዳይዘገይ እየፈራሁ ነው። ለዘር ያስቀመጣችኋቸው የዓሣ ጫጩቶች በዚያ ውኃ ካደጉ፣ ዛሬ ዓሣ የሞላው ኩሬ ነገ ባዶውን ይቀራል።

የቦዩ መዝጊያ ቁልፍ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። እባክሽ አትስጪው። ውኃ ቢያንስና ጥቂት ዓሣ ቢሞትባችሁ ይሻላል፤ የተረፉት ይወልዳሉ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ተቆጥቶ ከሆነ ሲበርድለት ንገሪው። እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝና ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጊው፤ ከዚያ ደፍሮ የሚያወጣ ሰው በእኛ ቤት ገና አልተወለደም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከእርባታው የሠራተኞች ክፍል፣ ሚያዝያ 17 ቀን