ልብስ የተኛበት ክፍል

ሰኞ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2006

ደግሞ «ለምን?» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ስለዚህ ስም አወጣሁለት፦ አቶ ለምን። እውነተኛ ስሙ አቶ መላኩ ነው። ባሕር ዳር የቤት ዕቃ ፋብሪካ አለው። እንደኛ ያሉ ትንንሽ የበጎ አድራጎት ቤቶችን እየዞረ በነጻ ይመክራል አሉ፤ እኛ ጋ የሚቆየው አንድ ሳምንት ነው። እኔ እንኳ በምክር ፋንታ ሳሙና ይዞ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለምንድን ነው ይሄን ቤት የከፈታችሁት?» አለ። ሲስተር ይታይሽ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ ቤቱን የመሠረተችው ነርስ፣ «ጧሪ ያጣ ሰው ደጅ እንዳይወድቅ ነዋ» አለችው። ያችን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ይኼው ነው የዛሬ ምክር።

እኛ ጋ አልጋ የሚጠብቁት እማማ ዘውዴ ደግሞ አሁንም ደጅ ናቸው። ደጀ ሰላሙ ሥር ተኝተው ዝናቡ ሲመታቸው ያድራል። የእንጅባራን ሐምሌ ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው። ጠዋት ቅንጬ ስወስድላቸው ሳላቸው ብሷል። «ቦታ ተገኘ?» ይሉኛል። «አልተገኘም እማማ» እላለሁ። አፌ ሰለቸው።

ማክሰኞ

አቶ ለምን የተቆለፈውን ክፍል ክፈቱልኝ አለ። ከፈትኩለት። ጣሪያ ድረስ ልብስ ነው። የሙሽራ ሱፍ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ክራቫት በክምር። የሰማንያ ዓመት ሰው ክራቫት ምን ያደርግለታል?

ሰው ልብስ ሲያመጣ ሲስተር እንቢ ማለት አትችልም። ለሌላ መስጠትም አትችልም፤ ሰጪዎቹ በዓል ሲደርስ እየመጡ «ያ ካፖርቴ ለማን ደረሰ?» ይላሏ። ስለዚህ ትቆልፍበታለች።

«ይሄ ክፍል ስንት አልጋ ይይዛል?» አላት።

«ሁለት።»

«አሁን ማን ተኝቶበታል?»

«ክራቫቶቹ» አልኩ እኔ። ሲስተር ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ተናድጃለሁ። ስንት ቀን ቅንጬውን ይዤ በዚያ በር አጠገብ አልፌያለሁ!

ማምሻውን ሁለት ክራቫት የአቶ ለምን መኪና የጎን መስታወት ላይ አሰርኩለት። ሳያይ ከተማውን ዞረ።

ረቡዕ

ከክራቫቶቹ አንዱን አንገቱ ላይ አስሮ መጣ። ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው የሚበሽቀው?

ስብሰባ ተቀመጥን። ልብሱን እንሽጠው ሲባል ሲስተር፦ «ለነፍስ የተሰጠ ገበያ አይወጣም።» ልብስ አንቀበልም ብለን እንለጥፍ ሲባል፦ «ጠገቡ ይሉናል!» እንዲህ እየተባባልን ምሳ ደረሰ። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። አቶ ለምን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከተማውን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አላውቀውም።»

«ታዲያ ምን ሊመክሩ መጡ?» አልኩት። ሲስተር «ትርንጎ!» ብላ ጮኸች። እሱ ግን እኔን እያየ «ሰጪው ካፖርቴስ እያለ ሲመጣ የሚፈልገው ምንድን ነው?» አለ።

«መመረቅ ነዋ።»

«በካፖርቱ ብቻ ነው የሚመረቀው?»

ጥያቄው እስካሁን ያበሽቀኛል።

ሐሙስ

ገባኝ! ከቤታችን ሽማግሌዎች ጋሼ አያሌውን የሚያህል መራቂ የለም። የሙሽራውን ሱፍ አስይዤ በባጃጅ ወሰድኳቸው፣ ሱፉን ወደ ሰጠው ወደ ባለሱቁ ጌታሁን። ሲስተር አታውቅም።

ጋሼ ገበያተኛው ፊት ሱፉን በሁለት እጃቸው ዘርግተው «ያሰብክልን ደርሶናል፣ ልጄ። ይሄ የጎልማሳ ልብስ ነው፣ የሚዳር ጎልማሳ አልብስበት። አንተን ሞገስ ያልብስህ፣ ቤትህን ይሙላልህ!» አሉ። ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ሱፉን መልሶ ተቀበለ። የሚመርቅ ሽማግሌ እጅ የዘረጋውን አልቀበልም የሚል ማን አለ? ገበያተኛው ሁሉ «አሜን!»

ጌታሁን እንዲያውም «ምን ይጎድልዎታል፣ አባቴ?» አለ። ይችን ነበር የምጠብቀው! አልጋ ይበሉ ብዬ መንገዱን ሙሉ አስጠንቻቸዋለሁ።

«አንድ ጠርሙስ አረቄ» አሉ።

«አልጋ ነው ያሉት!» ብዬ ጮህኩ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ጌታሁን ግን አረቄውን አቀበላቸው። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አላናገርኳቸውም። እሳቸው ዘፈኑ።

ዓርብ

ሲስተር ሰማች። ሰምታም በአረቄ መልኩ ነው የሰማችው። «የሰው ስጦታ በአረቄ ለወጥሽ? ስማችንን ገበያ አወጣሽው? ቁልፉን አስቀምጪና ሂጂ!»

አስቀመጥኩ። አቶ ለምን ጥግ ቆሟል፤ አንዲት ለምን እንኳ አልወጣውም። ስትፈለግ ጠፋች።

ቅንጬውን ግን እናቴ ቤት ሠርቼ ሄድኩ። እማማ ዘውዴ ቦታቸው የሉም። ግቢውን ዞርኩ። ደወል ቤቱ ሥር አገኘኋቸው፣ ጋቢያቸው ውሃ ያንጠባጥባል። በአገውኛ ተቆጡኝ፤ ቀዝቅዟል ማለታቸው ነው መሰለኝ፣ ቅንጬውን ነው ወይ ዓለሙን እንጃ። ቦታ ተገኘ ወይ አላሉኝም። ከሳሉ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

ቅዳሜ፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ መልስ በቤቱ አጥር በኩል አሾልቄ አየሁ። ጌታሁን አልጋ በጋሪ ጭኖ ከነፍራሹ በር ላይ ቆሟል! ሰው ከቧል። ሲስተር «አልቀበልም» የሚባለውን ቃል ከየት ታምጣው? ተቀበለች።

ይሄኔ አንዲት አስተማሪ ከሰው መሀል ወጥታ «የኔንስ ካፖርት መልሱልኝ፣ እኔም ደጄ ላይ ልመረቅ እንጂ!» አለች። ሌላው «የኔንም!» ሲስተር ዞር ዞር ስትል እኔን አየችኝ። አቶ ለምን «እህቴ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ቃልሽ ምን ነበር?» አላት ቀስ ብሎ። ሲስተር ግን ለእኔ «ምን ትገተሪያለሽ፣ ፍራሹን ያዥ እንጂ!» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እሷ ራሷ ጋሼ አያሌውን ይዛ በየደጁ ዞረች። መጀመሪያ ግን አፋቸውን አሸተተች።

እሑድ

ክፍሉ ግማሹ ባዶ ሆነ። አቶ ለምን ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ክፍሉ የሚይዘው ሁለት ነው፤ ሦስተኛ ሰው ሲመጣስ?» አለኝ። ወይ ይሄ ሰውዬ! መልሱን ሳይነግረኝ ሄደ። እየነዳ መሳቁን በመስታወቱ አየሁ።

እማማ ዘውዴን በባጃጅ አመጣናቸው። አልጋው ከፍ አለብኝ ብለው ተቆጡ። ሲስተር ደረታቸውን አዳምጣ ፊቷን አጠቆረች፤ ነገ ካልቀለላቸው ሆስፒታል ነው አለች። አልወደድኩትም።

መሽቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በሩ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አሁንም ይስላሉ። ግን ሳሉ ከውስጥ ነው የሚሰማኝ።