የጣሳው አውራ ዶሮ

ሰኞ

አልሠራም። የወተት ዱቄት ጣሳውን ዙሪያውን አሥራ ሁለት ቦታ ሰንጥቄ፣ ከባጃጅ ጋራዥ የለመንኩት ኩሽኔታ ላይ አስቀምጬ ባሽከረክረው፣ በወረቀት ላይ ርምጃ በርምጃ ሥዬ ውስጡ የለጠፍኩት አውራ ዶሮ መራመዱ ቀርቶ ድፍርስ ውሃ መሰለ። ዓርብ በዚሁ ጣሳ ሁለት ገምጋሚዎች ፊት አስተምራለሁ። ካልወደዱኝ ኮንትራቴ አይታደስም፤ ዲላን ለቅቄ ፍስሐ ገነት ከተማ አክስቴ ሱቅ ስኳር ስመዝን መዋሌ ነው። ምን ነክቶኝ ነው ይህን የመረጥኩት? እንደ ሰው ስለ ማግኔት ባስተምር ምን ነበረበት።

ማክሰኞ

ጥፋቱ ተገኘ። ጣሳው ያብረቀርቃል። የድስት ጥላሸት በኮላ ለውሼ ውጪውን አጠቆርኩት። በስንጥቁ ሳይ ዶሮው እግሩን አነሳ! ብቻዬን ጮህኩ። አከራዬ እትዬ አልማዝ ደንግጠው መጡ፤ አሳየኋቸው። ብዙ አዩና ባትሪ አለው ወይ አሉኝ። የለውም። ሥዕሉን በስንጥቁ የምናየው ብልጭ ሲል ብቻ ነው፤ ሲንሸራተት ጥቁሩ ይጋርድብናል፤ ብልጭታዎቹን አእምሯችን ይቀጣጥላቸዋል አልኳቸው። ዓርብ እንዲህ ካልቀናኝ ወዮልኝ። እጄ እስካሁን ጥቁር ነው።

ረቡዕ

የሰባተኛ ክፍል ልጆቼም የራሳቸውን ዶሮ ሠሩ። ወረቀቱን መክፈል እንዳይቸግራቸው "በዓመቱ ወራት ልክ እኩል ክፈሉት" አልኳቸው። ምሕረት የምትባለው ዝምተኛ ልጅ ሣለች፣ ሌሎቹ ቀለም ቀቡ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ታምራት በመስኮት አይተው ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት ብለው አለፉ። ሳቅኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ዕቅዴን እንደገና ጻፍኩ።

ሐሙስ

የልጆቹ ዶሮ እብድ ነው። የኔው ባለበት ይረግጣል፤ የነሱ እዚያው ጣሳ ውስጥ ሲገባ እየረገጠ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የጣሳውን ግድግዳ ይዞ ይዞራል። ኩሽኔታውን ፈታሁ፣ ቀባሁ፣ አጠበቅኩ። ያው ነው። ነገ የራሴን ብቻ አሳያለሁ። የማላውቀውን ነገር ገምጋሚ ፊት አላሽከረክርም። ልጆቹ ይቀየሙኛል። ይቀየሙ። አይ፣ ይከብደኛል። መብራት ቢጠፋም ግድ የለኝም፣ ፀሐይ ይበቃኛል፤ ዝናብ ብቻ አይምጣ።

ዓርብ

ዝናብ አልመጣም። የኔ ዶሮም አላሳፈረኝም። ልጨርስ ስል ምሕረት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የኛስ?"

መነጽር ያደረጉት ገምጋሚ እንየው አሉ። ማምለጫ አልነበረኝም። ዶሮው ጉዞውን ጀመረ፣ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ገምጋሚው ለምን እንደሚሄድ ጠየቁኝ።

"አላውቅም" አልኩ። በልጆቹ ፊት።

ከዚያ አብረን እንፈልግ ብዬ ወረቀቱን አውጥቼ ቆጠርን። ስንጥቁ አሥራ ሁለት፣ ሥዕሉ አሥራ ሦስት። ጳጉሜንን ቆጥረዋታል! ደመወዝ የሌላት ወር ስለሆነች ነው መሰለኝ እኔ የረሳኋት። ሥዕሎቹ ስለተጠጋጉ በየስንጥቁ ዶሮው ከቦታው ትንሽ አልፎ ይገኛል፤ ትንሽ ትንሹ ተደምሮ መሄድ ይሆናል። ይህን ያለችው ምሕረት ናት። እኔ ሰሌዳው ላይ መሣል ብቻ ነው የሠራሁት።

ቅዳሜ

አቶ ታምራት ደወሉ። ባለ መነጽሩ "አላውቅም" ማለቴን ጠንካራ ጎን ብለውታል፣ ሁለተኛው ደካማ ጎን። ውሳኔው ለራሳቸው ለአቶ ታምራት ቀርቷል፤ ሰኞ ጠዋት ይነግሩኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ አልኳቸው።

"እኔም ገና አላውቅም" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከሰዓት ገበያ ምሕረትን ከእናቷ ጋር አገኘኋት። ሥዕሉን አሥራ አንድ ብናደርገው ወደ ኋላ ይሄዳል ወይ አለችኝ። ሣዪውና ሰኞ ይዘሽው ነይ፣ እናየዋለን አልኳት። ያልኩት የገባኝ ካለፍኳቸው በኋላ ነው። ሰኞ እኔ የት ልሁን ማን ያውቃል? ልጥራትና ቃሌን ልሳብ ብዬ ዞር ስል እናቷን እየጎተተች ወረቀት ሻጩ ጋ ደርሳለች።