አምስተኛው መነጽር

ይድረስ ለእታለም፣

እንደ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ስኳርሽስ ልክ ገባልሽ? እኔ ደህና ነኝ። መነጽር ቤቱ ውስጥ ሌንስ ስሞርድ እውላለሁ፤ ጣቴ ከመሻከሩ በቀር ምንም አልል።

በስልክ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። አራተኛውም አልሆነኝም፣ ጥቁር ጥቁር ነገር ይንሳፈፍብኛል፣ ጠንከር ያለ ላኪልኝ አልሽ። መርፌ ውስጥ ክር መክተት አቃተኝ ብለሽም አለቀስሽ። አይዞሽ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ግን ትዝ ይልሻል? ሰሌዳው አልታይ ብሎኝ አስተማሪዬ ዓይኗን ትታይ ብላ ወረቀት ሰደደችልሽ። አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ከተትሽው። አራት ዓይን ሆነሽ ማን ሊያገባሽ ነው አልሽኝ። ወድቄ ስመጣ ደግሞ፣ ድሮም ደንቆሮ ናት ብለሽ ከትምህርት ቤት አስወጣሽኝ። ሰሌዳውን እኮ አላየውም ነበር፣ እታለም! የመጀመሪያ መነጽሬን ያደረግሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እዚሁ መነጽር ቤት ወለል ልጠርግ ተቀጥሬ። የዛፍ ቅጠል ከሩቅ አንድ በአንድ እንደሚታይ ያን ቀን አወቅሁ። ደጅ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አንቺ ይኼን ሁሉ ረስተሽዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

እኛ ዘንድ መጥተሽ የመነጽር ቤታችን የዓይን ሐኪም ያየሽ ጊዜ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ እየተጣደፍሽ ወጣሽ። እሱ እኔን ጠርቶ፣ ይኼ የመነጽር ነገር አይደለም፣ ስኳሩ የዓይኗን ጀርባ እያደማው ነው አለኝ። ስኳር ያለበት ሰው ደህና ቢያይም በዓመት አንዴ መታየት አለበት፤ አሁን ቶሎ በሌዘር ከታከመች የቀረው ይተርፍላታል፣ የጠፋው ግን አይመለስም አለ። ላንቺም ወረቀት ጽፎ እንዳደርስልሽ በእጄ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲህ መነጽር አላጓደልኩብሽም። ቁጥሩን እየጨመርኩ፣ በገዛ እጄ እየሞረድኩ ልኬልሻለሁ። ጎረቤቶችሽ፣ እንዴት ያለች እህት አለችሽ እያሉ እንደመረቁኝ ነግረሽኛል። አሜን።

አምስተኛው ይኸው። ፍሬሙ ያልሽው ቀዩ ነው፣ ያምርብሻል። የሐኪሙንም ወረቀት አብሬ አድርጌዋለሁ፤ እኔ እንዳንቺ ወረቀት አላቃጥልም። ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ ልጅሽ ናትና፣ ወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ቀን ጮክ ብላ ታንብብልሽ።

እድሜ ይስጥሽ። የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃሽ።

ያሳደግሻት ታናሽሽ