አባባ በጠጠሩ መንገድ

ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከወለድሽ ወዲህ ወገብሽ ጠናልሽ ወይ? ሕፃኑስ ጡት በደንብ ይዟል? እንቅልፍ ታገኛለሽ? ባለቤትሽ፣ ትልቋ ልጅሽ፣ አማትሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ በጤናችን ደኅና ነን። ባለቤቴም ልጄም ደኅና ናቸው። ቤቱ ግን ጭር ብሏል። የአባባ ወንበር መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው፤ የሚቀመጥበት የለም፣ የሚያነሳው ደፋርም አልተገኘም።

ስደውልልሽ እንደማታነሺ አይቻለሁ፤ አልፈርድብሽም። የአባትሽን ሞት የሰማሽው ከመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አፍ ነው። እሷ ያወቅሽ መስሏት ጽናቱን ይስጥሽ ልትልሽ ደወለች፤ አንቺ ደግሞ የምን ጽናት ብለሽ ጠየቅሻት። ይህን ራሷ እያለቀሰች ነገረችኝ። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ አሥራ ሦስት። ፊቴን አጥበሽ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፈሽ ትምህርት ቤት የሰደድሽኝ አንቺ ነሽ። እንዲህ ያደረግሽልኝን አንቺን እንደ ባዕድ ከሰው እንድትሰሚ አደረግሁ። ሰበብ ልደረድርልሽ አልፈልግም፤ የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽ። ራቅ ብዬ ብጀምር ታገሺኝ፤ ከዚያ ጀምር ያሉኝ አባባ ናቸው።

አባባና እኔ ስድስት ዓመት ያህል ተኳርፈን እንደነበር ታውቂያለሽ። አንድ ጣሪያ ሥር ነበርን፣ ሰላምታም አላቋረጥንም። ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጋው እንባባላለን። ስለ ሥራዬ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ባቡሩ ቀርቶ ሀዲዱ ይነቀል ሲባል ከነቃዮቹ አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው ብለን ነበር የምናስበው፣ አንቺም እኔም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዶሻ ይዘው ያንን ሀዲድ እያንኳኩ፣ የላላውን ብሎን በድምፁ ብቻ እየለዩ ኖረው በመጨረሻ የገዛ ልጃቸው ነቀለው። ቦታው ጠጠር ፈሶበት፣ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ ሆኖ እኔም የመንገዱ ጠባቂ ሆኜ ስቀጠር፣ አባባ ያንን ጠጠር ላለመርገጥ በማሳው ዞረው ነበር የሚሄዱት። ባለመዶሻው ከመንገድ ጋር ተጣሉ ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ባለፈው ዓመት ጥላ ብቻ ቀረላቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሚያልፉትን ብስክሌቶች ሲያዳምጡ ይውላሉ። አሁን ከከተማ ብዙ ሰው ይመጣል፤ የጥንቱን ምሽግ፣ ሰው የለቀቃቸውን መንደሮች፣ ዋሻውን፣ የድንጋዩን ድልድይ እያየ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ይውላል። ጥሩምባ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር አባባ ድንገት፣ ከበራችን ፊት ጠጠሩ ሳስቷል አሉኝ። እንዴት አወቁ ብላቸው፣ ጎማው እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል አሉ። ወጥቼ ሳየው እውነትም ዝናብ አጥቦታል። ሁለት ጋሪ ጠጠር ጨመርኩበት። በማግስቱ፣ አሁን ደኅና ሆነ አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ የተናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ጋሪው ጀርባ ሄጄ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ብስክሌት አከራይዋ ይህን ስነግራት፣ ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት አለኝና አባትህን ከኋላ አስቀምጠህ ውሰዳቸው አለችኝ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የሥራ ካፖርታቸውን ጠየቁ፤ ያንን ክርኑ ላይ የጣፍሽላቸውን። አከራይዋ የራስ መከላከያውን ስታጠልቅላቸው፣ ይህ ድስት ለምንድን ነው አሏት። ውስጡ ያለው እንዳይፈስ ነው አባት አለቻቸው። ከእናታችን ሞት ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

መጀመሪያ ላይ እግራችን አልስማማ አለ። እኔ ስረግጥ እሳቸው ያነሳሉ፣ እሳቸው ሲረግጡ እኔ እቆማለሁ። ወደ ጉድጓዱ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ አንተ ዝም ብለህ መሪውን ያዝ፣ አረጋገጡን እኔ እቆጥርልሃለሁ አሉና እንደ ሠራተኞቻቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ አስኬዱኝ። ከምሽጉ ሥር ስናልፍ ፍርስራሹ ላይ የወጡ ጎብኚዎች ሲያወሩ ሰሙ። እነዚህ ግንቡን ያያሉ፣ ከሥሩ ያለውን የውኃ ቦይ ግን ማን ያሳያቸዋል አሉ። ሀዲዱን ውኃ እንዳይወስደው ሲቆፍሩ ያገኙት፣ ከግንቡ ጋር የተሠራ የድንጋይ ቦይ ነው። ሦስት ሰው ሆነው ጠርገውት እስከ ዛሬ ውኃ ያወርዳል። እኔ በዚያ መንገድ ስድስት ዓመት ስሠራ ውኃው የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ቆመን አዳመጥነው።

ከዚያ ሰው የለቀቀው መንደር ደረስን። አባባ፣ የዚህ መንደር ጣቢያ ጣሪያ አለ ወይ አሉኝ። ጣሪያው ከሁለት ክረምት በፊት ወድቋል። ከእናታችን ጋር የተገናኙት እዚያ ጣሪያ ሥር ዝናብ ተጠልለው መሆኑን ስለማውቅ፣ አለ፣ ቆሟል አልኳቸው። ጆሯቸውን ወደ ጣቢያው አዘንብለው፣ ነፋስ ጣሪያ ባለው ቤት ውስጥ እንዲህ አያልፍም አሉ። ንዳ አሉኝ።

ዋሻው ውስጥ ስንገባ መብራት አበራሁ፤ ግን ከፊቴ ሦስት ክንድ እንኳ አላሳየኝም። ፈራ ተባ ስል አባባ ከኋላዬ፣ ቀጥ በል፣ እዚህ ሁለታችንም እኩል ነን አሉኝ። መሀል ላይ ስንደርስ አቁም አሉ። ወርደው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱና ባቡር ሲመጣ ሠራተኛ የሚጠጋበትን ጎድጓዳ አገኙት። ጀርባቸውን አስጠግተው ቆሙ።

«ጣሪያው አለ ብለህ ዋሸኸኝ» አሉኝ። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው አልኳቸው። «ሀዲዱን የነቀላችሁ ጊዜም እንዳይከፋኝ ብለህ ነው?» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ፣ ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የዚያን ዕለት ጠዋት አልጋቸው ላይ ሆነው የብረት ድምፅ ይሰማሉ። ሌባ ሀዲድ ሊሰርቅ መስሏቸው በውስጥ ልብስ ይወጣሉ። አንድ የማያውቁት ሰው፣ አይስጉ አባት፣ ነቃዮቹ ናቸው፣ ልጅዎም እዚያ አለ ይላቸዋል። «ማታ ራት አብረን በልተናል» አሉኝ። «ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ባዕድ ነገረኝ።»

እኔ በመንቀሌ ነበር የተቀየሙኝ የመሰለኝ አልኳቸው። «ባቡሩ ከቀረ ሀዲድ ምን ያደርጋል? ዝገት ነው። አንተ ባትነቅለው ሌላው ይነቅለዋል። ብትነግረኝ መዶሻዬን ይዤ አብሬህ እወጣ ነበር፤ የትኛው ብሎን እሺ እንደማይል አሳይህ ነበር። ሦስት መፍቻ ሰበራችሁ አሉ» አሉኝ። አራት ነው አልኳቸው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሳቅ አሉ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ፈልገው ያዙኝና፣ ተነስ፣ በረደኝ፣ ንዳ አሉ።

ከዋሻው ስንወጣ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ አረፈች፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድልድዩ እዚያው ፊት ለፊታችን ነበር፤ ግን ደክሟቸው ነበርና ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በልተን ተመለስን። ድልድዩን በሌላ ቀን እንሻገራለን ተባባልን። አልተሻገርነውም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሳል ጀመራቸው፤ በሦስት ቀን ሳንባቸው ላይ ወረደና ሆስፒታል አስገባናቸው። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ ሌላ ቤተሰብ ካለ ይወቅ አለኝ። አባባም እህትህን ንገራት አሉኝ። አንቺ በወለድሽ በዘጠነኛው ቀን ነበር። ደም በዝቶ ፈሶሽ እንደነበር ባለቤትሽ ነግሮኛል። ወተቷ ይደርቃል፣ ሕፃኑን ጥላ ልምጣ ትላለች፣ መንገድ ላይ ትወድቃለች እያልኩ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ሲባል ሰባት ቀን ሆነ።

አሁን የምጽፍልሽ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ነው። በሦስተኛው ቀን አባባ ነገርካት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነግሬያታለሁ አልኩ። ምን አለች አሉ። አይዞዎት አባባ፣ ልጄን ይዤ እመጣለሁ ብላለች አልኳቸው። ያንቺን አፍ ሰርቄ ተናገርኩ። ራሳቸውን ወደ እኔ አዞሩና ጣሪያውን እንዳዳመጡት አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «በምትነግራት ጊዜ ከአልጋው አትጀምር፣ ከብስክሌቱ ጀምርላት» አሉኝ። በምትነግራት ጊዜ ነው ያሉት፣ እታለም። አውቀውብኛል። አልተቆጡም፣ አላፋጠጡኝም። አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ጊዜ እንኳ ተነስቼ አልደወልኩልሽም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለራሴ አልገባኝም። ካንቺ ይልቅ ያንቺን ለቅሶ መስማት ፈርቼ ይሆናል።

ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አረፉ። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ነርሷ አንሶላውን እያስተካከለች ነበር። ብዙ አልተሠቃዩም። አንቺን በመጨረሻው ቀን ጠዋት በስምሽ ጠሩሽ፤ እኔ አቤት አልኩ፤ አንተን አይደለም አሉኝ።

መኪና በጠጠሩ ስለማይገባ በትከሻ ነው የወሰድናቸው። አብረዋቸው የሠሩት ሽማግሌዎች ተፈራርቀው ተሸከሙ። የማያውቋቸው ብስክሌተኞች ከፊታችን መጡና ወርደው፣ የራስ መከላከያቸውን አውልቀው፣ አልፈን እስክንሄድ መንገዱ ዳር ቆሙ። እኔ ጠጠሩን ብቻ ነበር የምሰማው፣ የዚያን ሁሉ ሰው እግር ሲረግጠው።

አባባ ዋሻው ውስጥ የነገሩኝን ሁለት ወር ሳይሞላው ባንቺ ደገምኩት። ይቅር በይኝ ማለት ቀላል ነው፤ እላለሁም። ሲበርድልሽ ደውዪ፤ ካልበረደልሽም ስደቢኝ፤ ዝም አትበዪኝ እንጂ። ከእንግዲህ ደጉንም ክፉውንም ከእኔ አፍ ትሰሚያለሽ። ከዛሬው ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ከመንገዱ ጽሕፈት ቤት ወረቀት መጥቷል። የባቡሩ ንብረት የነበረውን፣ የተወለድንበትን ይህን የጣቢያ ቤት የብስክሌተኞች ማረፊያ ሊያደርጉት ስለሆነ በሦስት ወር ውስጥ እንድንለቅ ይላል። የት እንደምንገባ አላውቅም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ እነግራታለሁ፤ እስካሁን ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ለባለቤትሽ፣ በዚያ ጭንቅ ቀን አጠገብሽ በመሆኑ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን እስማለሁ በያቸው። ትልቋ ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የሣለችው ባቡር ግድግዳው ላይ አለ። ያላየሁትን ሕፃን ደግሞ እጁን ያዥልኝና፣ አያትህ መወለድህን ሰምተው ነበር፣ ክብደትህን ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል በዪው። ባለቤቴና ልጄ በናፍቆት ይስሙሻል። እኔም እስምሻለሁ፣ ፊትሽን ባታዞሪብኝ።

ወንድምሽ

ከጣቢያው ቤት፣ ጥቅምት 14 ቀን